የቤት ቆሻሻ ሳይሸት፣ ውሻ ሳይጎትተው፣ አጥር ሥር ሳይከመር፦ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ዝርዝር መመሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ በቆሻሻ ጉዳይ የማያማርር ሰው ማግኘት ይከብዳል። አንዱ "ሰብሳቢዎቹ ሳምንቱን ሙሉ ድምፃቸው ጠፋ" ይላል። ሌላዋ ማታ በር ላይ ያስቀመጠችውን ፌስታል ጠዋት ውሻ ዘርግፎት ታገኘዋለች። ኮንዶሚኒየም የሚኖረው ከላይ ፎቅ በሚወረወር ከረጢት ይበሳጫል። አጥሩ ሥር ማን እንደሚጥል የማያውቀው ክምር ያለበት ሰውም ብዙ ነው።

እኔ የማምነው ይህን ነው፦ አብዛኛው ችግር የሚጀምረው ወጥ ቤት ውስጥ፣ እርጥቡና ደረቁ አንድ ፌስታል ውስጥ ሲገቡ ነው። እርጥቡን የለየ ቤት አይሸትም። ውሻም አይመጣበትም። ሰብሳቢ ጥቂት ቀን ቢዘገይም አይጨነቅም። ስለዚህ ከወጥ ቤት እንጀምርና ወደ በር፣ ከዚያም ወደ መንደር እንወጣለን።

በመጀመሪያ የምንጥለው ነገር የት እንደሚደርስ እንወቅ። ከበራችሁ የተነሳው ከረጢት በጋሪ ወደ ገንዳ ይሄዳል። ከገንዳው በመኪና ወደ ረጲ ይጫናል፤ ሕዝቡ ቆሼ ወደሚለው ቦታ። የከተማዋ ቆሻሻ ከ1950ዎቹ ጀምሮ እዚያ ሲከመር ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ሥሩ ይኖሩ የነበሩ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ እዚያው አካባቢ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመረቀ። እርጥብ ቆሻሻ ግን በደንብ አይነድም። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይበላዋል። ክምር ውስጥ ሲቀበር ደግሞ ጋዝ ይፈጥራል፣ ፈሳሹም ወደ መሬት ይሰርጋል። ወጥ ቤት ውስጥ የምንለየው ነገር እስከዚያ ድረስ ለውጥ አለው።

መለየት የፍላጎት ጉዳይ ብቻም አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የቤቱ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው እንዲለይ አዝዞ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ አንዴ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል ከልክሏል። ዘንቢልና የጨርቅ ከረጢት መያዝ አሁን ግዴታችን ሆኗል ማለት ነው።

1. አንድ ፌስታል ክፈቱ

ባልዲ ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁ ምን እንደሚጥል እዩ። ጓንት አድርጉና የሞላውን ፌስታል አሮጌ ጋዜጣ ላይ ዘርግፉት።

አብዛኛው ቤት የሚያገኘው ተመሳሳይ ነው። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የተረፈ ሽሮ፣ የሻገተ እንጀራ፣ የሙዝ ልጣጭ። መሃሉ ላይ ሃይላንድ፣ የወተት ላስቲክ፣ የፓስታ መጠቅለያ፣ የተቀደደ ካርቶን፣ ሶፍት። ሽሮው ካርቶኑን አበስብሶታል። ሃይላንዱ ላይ ቅባት ተለድፏል። ለብቻው ቢቀመጥ ቆራሌው የሚወስደው ዕቃ ሁሉ አሁን ማንም የማይነካው ሆኗል።

ሌላም ታያላችሁ። ከከተማዋ ቤቶች ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው። የሚሸተው፣ ፈሳሽ የሚያንጠባጥበው፣ ዝንብና አይጥ የሚጠራው ይኸው ነው። የቀረው ወር ቢቀመጥ ምንም አይሆንም።

2. ሁለት ባልዲና አንድ ጆንያ

ለእርጥቡ ክዳኑ ጥብቅ የሚል ባልዲ ያስፈልጋል። ባዶ የቀለም ባልዲ ይበቃል። በደንብ አጥባችሁ ከሥሩ ካርቶን ወይም የደረቀ ቅጠል አንጥፉ። ዋናው ሥራ ውሃውን መቀነስ ነው። ወጥ፣ ሾርባና የሻይ ቅጠል በማጥለያ አጥልላችሁ ጭማቂው ይውጣ፣ ደረቁ ብቻ ይግባ። የጥብስ ዘይት ግን ማጠቢያ ላይ አይደፋ፤ ቱቦ ይዘጋል። ሲቀዘቅዝ በሰጋቱራ ወይም በአሮጌ ወረቀት መጥጣችሁ አውጡት። በጨመራችሁ ቁጥር ከላዩ እፍኝ ሰጋቱራ ወይም የቀዘቀዘ አመድ በትኑ። ሽታውን የሚያጠፋው ይህ ነው፤ ሽቶ መርጨት አይረዳም።

አጥንትና የሥጋ ትራፊ ከሌላው የባሰ ይሸታል። ፍሪጅ ያላችሁ በትንሽ ላስቲክ ቋጥራችሁ እስከ መሰብሰቢያው ቀን ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት። ለአንዳንድ ሰው ይቀፋል። ግን ከበሰለበት ድስት የተረፈ ሥጋ ነው፤ ካልበሰበሰ ቆሻሻም አይባልም።

ለደረቁ አንድ ጆንያ በረንዳ ላይ ወይም በር ጀርባ ስቀሉ። ሃይላንድ፣ ካርቶን፣ ወረቀት፣ የቲማቲም ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ እዚያ ይግቡ። ለማለቅለቅ ንጹህ ውሃ አታባክኑ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የዕቃ ማጠቢያው የመጨረሻ ውሃ ይበቃል።

ሁለተኛው ትንሽ ባልዲ ለማይሸጠውም ለማይበሰብሰውም ነው። ሶፍት፣ ሞዴስ፣ ዳይፐር፣ የቺፕስ ላስቲክ። ዳይፐር ውስጥ ያለውን መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት ድፉ፣ ከዚያ ጠቅልላችሁ በራሱ ማጣበቂያ እሰሩት።

ምግብ የሚሠራው ሰው ካልተስማማ ይህ ሁሉ አይሠራም። ሠራተኛ ካላችሁ አብራችሁ ቆማችሁ አንድ ምሳ ሲሠራ አሳዩ፣ እናንተም ስታደርጉት ይታይ። ልጆች በሁለት ቀን ይለምዱታል። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው የቤቱ ትልቅ ሰው ነው።

3. ቆራሌው ሲጠራ

"ቆራሌው!" የሚለው ድምፅ በየሰፈሩ አለ። ይህች ከተማ ማንም ሳያደራጀው ለረጅም ዘመን መልሶ የመጠቀም ሥራ የሠራችው በነዚህ ሰዎች ጫንቃ ነው። የሚገዙት ዕቃ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ተጠግኖ፣ ተቀጥቅጦ ወይም ተቀልጦ እንደገና ይሸጣል።

ጥሩ ዋጋ የምታገኙት ዕቃችሁ በየዓይነቱ ሲቀመጥ ነው። መዳብ፣ አልሙኒየምና ተራ ብረት ዋጋቸው ስለሚለያይ አንድ ላይ "በጅምላ" አትሽጡ። የተቀደደ ሽቦ፣ አሮጌ ድስት፣ የመጋረጃ ዘንግ ለየብቻ ይሁኑ። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድና ጀሪካን አትጨፍልቁ፣ ክዳናቸውንም አትጣሉ፤ ዘይትና ማር ለሚሞሉ ነጋዴዎች እንዳሉ ነው የሚሸጡት። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ወደ ሱቅ ቢመለስ ይሻላል። አሮጌ ስልክ ስትሸጡ ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን አውጡ፣ የባንክ ወረቀት ቅደዱ። የመኪና ባትሪ ውስጡ ያለውን አሲድ አፍስሳችሁ አትስጡ፤ ሙሉውን ይሂድ።

ትንንሹን ሃይላንድ ግን ብር ልታገኙበት አትከራከሩ። ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ስጧቸው። ለእነርሱ የጎን ገቢ ነው። ለይቶ ያስቀመጠላቸውን ቤት ደግሞ አይረሱትም።

4. እርጥቡ ወዴት ይሂድ?

ግቢ ካላችሁ ኮምፖስት፣ ማለትም የተፈጥሮ ማዳበሪያ ሥሩ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይበቃል። ጥላ ያለበት፣ ውሃ የማይተኛበት ቦታ ምረጡ። ከሥር ጭራሮ፣ ከላዩ ደረቅ ቅጠል። ከዚያ አንድ ባልዲ እርጥብ በጨመራችሁ ቁጥር ሁለት ባልዲ ደረቅ ነገር ጨምሩ፦ ቅጠል፣ ጭድ፣ የተቀደደ ካርቶን፣ ሰጋቱራ። ከላይ ስስ አፈር። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን አታብዙ፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ ለተክልም አይስማማም። ሥጋ፣ አጥንትና ቅባት አይግባ፤ አይጥ ይጠራል። የሻገተ እንጀራ ይገባል፣ ግን መሃሉ ላይ ቅበሩት።

እርጥበቱን በእጃችሁ ለኩ። ስትጨብጡት ታጥቦ እንደተጨመቀ ጨርቅ መሆን አለበት። ውሃ ከተንጠባጠበ ደረቅ ጨምሩ። ጉንዳን ከወረረው ደርቋል፣ ውሃ አርከፍክፉ። ከሸተተ አየር አጥቷል ማለት ነው፤ በአካፋ ገልብጡትና ደረቅ ቅጠል ቀላቅሉ። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ከተገለበጠ በሦስት፣ በአራት ወር ውስጥ ጥቁር፣ የሚፈረፈር፣ የአፈር ሽታ ያለው ይሆናል። ጎመንና ቆስጣ ላይ ሞክሩት፤ ልዩነቱን ቅጠሉ ላይ ታዩታላችሁ።

ፎቅ ላይ ያላችሁ ጎኑ የተበሳ ባልዲ በረንዳ ላይ አድርጋችሁ በትንሹ መሥራት ትችላላችሁ። ካልሆነም ብሎካችሁ ሥር አትክልት የሚያለሙ ሰዎች አሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ዶሮ ወይም ላም ያለው ጎረቤት የአትክልት ልጣጭ በደስታ ይቀበላል። ላስቲክና የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት እንዳይገባበት ብቻ ተጠንቀቁ። ላም ላስቲክ በልታ ስትሞት ያየ ሰው ይህን አይረሳም።

5. ሰው የሚያቆስለው

የሰብሳቢዎቹ እጅ ላይ ያለውን ጠባሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኛዎቹ ሴቶችና ወጣቶች ናቸው። ብዙዎቹ ከረጢቱን የሚያነሱት ስስ ጓንት አድርገው ወይም በባዶ እጅ ነው። አንድ የተሰበረ ብርጭቆ የአንዲትን እናት የሳምንት ሥራ ያስቀራል። ይህን ክፍል የምለምናችሁ ለዚህ ነው።

የተሰበረ ብርጭቆና ምላጭ በወፍራም ካርቶን ጠቅልሉ፣ በፕላስተር እሰሩ፣ ላዩ ላይ "ስለት" ብላችሁ ጻፉ፣ ስታስረክቡም በቃል ንገሯቸው። የኢንሱሊን መርፌ ወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አጠራቅሙ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስረክቡ። የከሰል አመድ ውሃ ተርከፍክፎበት ወይም ሙሉ ቀን አድሮ ይውጣ። ውስጡ የተደበቀ ፍም ጋሪውንም ገንዳውንም ያቃጥላል። ረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል ሜርኩሪ አለበት። ሳትሰብሩት በካርቶኑ ውስጥ አስረክቡ፤ ከተሰበረ መስኮት ክፈቱ፣ በመጥረጊያ አትጥረጉት፣ በእርጥብ ወረቀት ልቀሙት።

ላስቲክ ግቢ ውስጥ አታቃጥሉ። ያ ጥቁር ጭስ መርዝ ነው፤ መጀመሪያ የሚስበውም የራሳችሁ ልጅ ነው።

6. ማስረከብ

የሰብሳቢዎቹን ቀንና ሰዓት እወቁ። የተደራጁበትን ማኅበር ኃላፊ ስልክ ያዙ። ቆሻሻ ማታ በር ላይ አይደር፤ ድምፃቸውን ስትሰሙ አውጡ። ጠዋት ሥራ የምትገቡ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ፤ አንድ ቤት ለሦስት ቤት ማስረከብ ይችላል።

ሲቀሩ ምን ይደረግ? ወዲያው አትሳደቡ። ብዙ ጊዜ ገንዳው ሞልቶ መኪና ሳይመጣ ሲቀር ጋሪያቸውን የሚደፉበት ያጣሉ። መጀመሪያ ኃላፊዋ ጋ ደውሉ፣ ምክንያቱን ጠይቁ። በሚቀጥለው ዙርም ከቀሩ የወረዳው ጽዳት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ብቻችሁን ሳይሆን አምስት ስድስት ቤት ሆናችሁ፣ በጽሑፍ። እንዲህ ማለት ይበቃል፦

"እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች ያለው ነዋሪዎች ቆሻሻ የሚሰበሰብልን ዘወትር ማክሰኞና ዓርብ ነበር። ከዚህ ቀን ጀምሮ እስከዚህ ቀን አልተሰበሰበልንም። ክፍያውን ከውሃ ቢል ጋር እየከፈልን ነው። የመሰብሰቢያው ፕሮግራም በጽሑፍ እንዲሰጠንና ባልመጡ ጊዜ የምንደውልለት ሰው እንዲነገረን እንጠይቃለን።"

ቀናቱን መጻፍ አትርሱ። "ሁልጊዜ ይቀራሉ" የሚል አቤቱታ መልስ አያገኝም። ኮፒ ላይ ማኅተም አስደርጋችሁ ያዙ። መልስ ከሌለ በዚያው ኮፒ ወደ ክፍለ ከተማው መሄድ ነው።

7. ፎቅ ላይ ለሚኖር

የብሎክ ኮሚቴው ሁለት ነገር ይወስን፦ ቆሻሻ በደረጃ ላይ እንዳይቀመጥ፣ በመስኮት የሚወረውር ቤት እንዲቀጣ። ቅጣቱ ትንሽ ቢሆንም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ከምድር ቤት የሚኖሩት ሰዎች መስኮታቸውን መክፈት የሚችሉት ያኔ ነው።

8. አጥር ሥር የሚጣለው

ከሁሉም የሚያንገበግበው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ክምሩ ራሱ ማን እንደጣለው ይናገራል። የጫት ገረባ ከበዛ ጫት ቤት ነው። የአቮካዶና የማንጎ ልጣጭ በጆንያ ከሆነ ጁስ ቤት። የብሎኬት ፍርስራሽና አፈር ከሆነ የሆነ ቦታ ቤት እየፈረሰ ነው፣ የሚያመጣውም መኪና ነው። የቤት ፌስታል ብቻ ከሆነ ግን ጎረቤት ነው። ያም ማለት ሰብሳቢ የማይደርስበት ቤት በአቅራቢያችሁ አለ። የሚጣልበትን ሰዓትም ለዩ፤ ብዙውን ጊዜ ጎህ ሳይቀድ ወይም ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው።

ጎረቤት ከሆነ በክስ አትጀምሩ። "እትዬ፣ እናንተ ጋ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ አይመጡም እንዴ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ውስጥ መፍትሔው አለ። ምናልባት በኪራይ የገቡ ናቸው፣ ቀኑን የነገራቸው የለም። ምናልባት ቤቱ ከጋሪ መንገድ የራቀ ቅያስ ውስጥ ነው። የኃላፊዋን ስልክ ስጡ፣ ከእናንተ ቆሻሻ ጋር እንዲያወጡ ፍቀዱላቸው። ፌስታል ይዛ የመጣችውን የቤት ሠራተኛ መንገድ ላይ አታዋርዱ፤ እርሷ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። ማነጋገር ያለባችሁ አሠሪዎቿን ነው።

ጫት ቤቱንና ጁስ ቤቱን ደግሞ በር ላይ ቆማችሁ ሳይሆን ሰው ሲቀንስ ገብታችሁ አናግሩ። ቆሻሻቸው ብዙ ስለሆነ ከማኅበሩ ጋር ለብቻው መዋዋል አለባቸው። የጁስ ልጣጭ ለኮምፖስት የሚፈልግ አትክልተኛ ብታገናኟቸው ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ከዚያ ማጽዳት። እዚህ ላይ ብዙ ሰፈር ይሳሳታል። ቅዳሜ ወጥተው አንድ ጥግ ይከምሩና መኪና ይጠብቃሉ። መኪናው አይመጣም፣ ክምሩ ሰኞ እጥፍ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ወረዳውን አነጋግሩ፣ መኪናው የሚመጣበትን ሰዓት አስቆርጡ፣ ከዚያ አካፋና ጋሪ ያዙ። ዕድራችሁ አካፋና ዶማ አለው፤ ለዚህም ይውጣ።

ቦታው ባዶ ሆኖ አይደር። በዚያው ቀን አፈር ደልድሉ፣ ዳሩን በድንጋይ ክበቡ፣ የሆነ ነገር ትከሉ። መብራት ካለው ቤት አንድ አምፖል ወደዚያ ይዙር። ሊስትሮ ወይም ቡና የምታፈላ ሴት እዚያ እንድትቀመጥ ብትጋብዙ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሰው ተቀምጦ ቡና በሚጠጣበት ቦታ ፌስታል አይወረወርም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ወሳኝ ናቸው። ጠዋት አንድ ፌስታል ካያችሁ እስከ ምሳ አይቆይ። አንዱ ፌስታል ሌላውን ይጠራል፤ በሦስተኛው ቀን ቦታው ድሮ የነበረበት ይመለሳል። በፈረቃ የሚያይ ሰው መድቡ።

ግድግዳ ላይ ስድብ መጻፍ ግን ተዉት። "እዚህ የሚጥል እንዲህ ይሁን" የሚል ጽሑፍ ሥር ቆሻሻ ተከምሮ ያላየ ሰው የለም። መጻፍ ካለባችሁ የሚጠቅመውን ጻፉ፦ ሰብሳቢዎቹ የሚመጡበትን ቀን፣ ሰዓትና የኃላፊዋን ስልክ።

ፍርስራሽ የሚደፋ መኪና ከሆነ በሌሊት ወጥታችሁ አትጋፈጡ። ከቤታችሁ ሆናችሁ ታርጋውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ያዙ፣ ፎቶ ካነሳችሁም ጥሩ። ጠዋት ለደንብ አስከባሪ ስጡ። ታርጋ ያለው ጥቆማ ችላ ማለት ይከብዳል። ወንዝ ዳር ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከዚያም ይከብዳል፤ ከተማዋ ወንዝ ለሚበክል ከባድ ቅጣት የሚጥል ደንብ አላት። ቀበናም ሆነ ቡልቡላ ላይ የተጣለው ወደ አቃቂ ይወርዳል፤ በአቃቂ ውሃ የሚለማው ጎመን ደግሞ ተመልሶ ገበታችን ላይ ይመጣል።

9. በዓልና ክረምት

በዓል ሲመጣ ቆዳ በየመንገዱ ይወድቃል፤ ዋጋው ከወረደ ወዲህ ብሷል። ለመሸጥ ካሰባችሁ እንደተገፈፈ ወዲያው የሥጋውን በኩል ወደ ላይ ዘርግታችሁ ጨው በደንብ አልብሱት። ገዢ ካልመጣ ከፈርሱ ጋር ግቢ ውስጥ በጥልቁ ቅበሩ። ግቢ የሌላችሁ ለበዓል ዋዜማ ከማኅበሩ ጋር ተነጋገሩ፤ ማን መቼ እንደሚወስደው ከማረዳችሁ በፊት ይታወቅ።

ለክረምት ደግሞ ግንቦት ውስጥ ከደጃችሁ ያለውን ቦይ ጥረጉ። ሃይላንድና ፌስታሉን መጀመሪያ በእጅ ልቀሙ፣ ከዚያ ደለሉን በአካፋ አውጡ። የወጣውን ደለል ቦዩ ዳር ከምራችሁ አትሂዱ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጠርጎ መልሶ ያስገባዋል። ጋሪ ቀድማችሁ አዘጋጁና በዚያው ቀን ይነሳ።